ገና እያሰበ ነው

አክስቴ ከማስተማር ጡረታ ከወጣች በኋላ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቷ ጓሮ ለሠርግና ለልደት የሚሆኑ ጌጠኛ ሻማዎች ትሠራ ነበር። የቀለጠውን ሰም ጣሳ ውስጥ አፍስሳ ስትጨርስ እኔ ሻማውን ቶሎ ለማውጣት እጄን ስሰድ፣ «ተይው፤ ገና እያሰበ ነው» ትለኛለች። ሰሙ ረግቶ «አስቦ የሚጨርሰው» መቼ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ጣሳውን በመዳፏ ነካ አድርጋ ታውቀዋለች።

ባለፈው ወር በድንገት ስታርፍ፣ የቀድሞ ተማሪዋ የሆነች፣ ላንቴ የምትኖር ሙሽራ ያዘዘችው ሻማ በጅምር ቀረ። ቀዩን ሰም አፍስሳዋለች፤ ከላይ የሚደረበው ነጩ ግን ገና አልፈሰሰም። የሠርጉ ቀን ሲቃረብ እናቴ፣ «አንቺ ጨርሺው፤ ሁልጊዜ አጠገቧ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ።

ነጩን አቅልጬ በቀዩ ላይ አፈሰስኩት። ጣሳውን ደጋግሜ ብነካውም ምኑን እንደምጠብቅ አልገባኝም። «ደርሷል?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩና ዞር አልኩ። በርጩማዋ ላይ ማንም አልነበረም። እንዲያው በግምት አወጣሁት።

በማግስቱ ሙሽራይቱ መጣች። ሻማውን አገላብጣ አየችና፣ «እኔማ ሳይጨርሱልኝ ያረፉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው የሠሩት አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኳት።

ሻማውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች። ዋሽቻት ይሁን እውነቱን ነግሬያት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።