ባዘዘው ካርታ መጣል ሲማር

ባዘዘው ለስድስት ወር ብሎ አርባ ምንጭ ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሚስቱ ጽጌረዳ ደብረ ማርቆስ ናት፤ ልጁ አርሴማ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። የዝውውር ማመልከቻው ከአለቃው ከአቶ አበጋዝ መሳቢያ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

አቶ አበጋዝ ክፉ ሰው አይደሉም። ጣጣው ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር መውደዳቸው ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሴቻ ካለው ግቢያቸው፣ ማንጎው ሥር፣ በበቆሎ ፍሬ እያስያዙ ይጫወታሉ። ባዘዘውና ሾፌሩ ካሱም ወደዱም ጠሉም ይገኛሉ። አንድ ቀን ባዘዘው ዝውውሩን ቢያነሣባቸው ከት ብለው ሳቁና፣ «ፍሬዬን ሙልጭ አድርገህ የወሰድክ ዕለት እፈርምልሃለሁ!» አሉት። ቃላቸውን እንደማያጥፉ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

ግን ምኑን ያሸንፋል! የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ሲታደሉ የማይረባውን ጥሎ መውጣት አይሆንለትም። አለቃ በእጁ ያደለውን መጣል ጉርሻ እንደ መመለስ ሆኖ ይሰማዋል። ሁለትና ሰባት ይዞ ይገባል፣ ተገፎ ይወጣል። ጎረቤቱ የአብስራ፣ ሥራ የምትፈልግ የሒሳብ ምሩቅ፣ ይህን ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ ከአሥር ስድስቱን ካልጣሉ ተስፋ የለዎትም» አለችውና የሚያዘውንና የሚጣለውን በወረቀት ጻፈችለት። ሁለት ወር ሙሉ ሲቀላ ካለው ኪራይ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ ለብቻው እያደለ ለብቻው ሲጥል ከረመ።

ባለፈው እሑድ ጣለ። ደግሞ ጣለ። አሁንም ጣለ። አቶ አበጋዝ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ምነው? የኔ ካርታ ይሸታል እንዴ?»

ላብ አጠመቀው እንጂ አልገባም። ሲገባ ግን ይወስዳል። አመሻሹ ላይ ክምሩ በሙሉ ከሱ ፊት ነበር፤ ለአለቃው የቀራቸው አንድ እፍኝ ነው።

ይኼኔ የአቶ አበጋዝ አማት፣ አቶ ይፍሩ፣ ከቢቸና ከች አሉ። ተነሥተው ተቀበሏቸው፣ ወንበር ተሳበላቸው። አቶ አበጋዝ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አባባ፣ እዚህ አገር እኔን በካርታ የረታ የለም» አሉና ካርታ አድለው እፍኛቸውን እንዳለ አስይዘው ወደ መሐል ገፉት። ካሱ ቶሎ ብሎ ጣለ።

ባዘዘው የካርታዎቹን ጫፍ ገለጥ አደረገ። አስ። ሌላኛውም አስ። ከዚህ የሚበልጥ መነሻ በዓለም ላይ የለም። ገብቶ ቢረታ ነገ ጠዋት ይፈረምለታል። ቀና ቢል ሽማግሌው አማቻቸውን በኩራት ያያሉ። ሰውን በአማቱ ፊት! እጁ አልታዘዝ አለው።

ሁለቱንም ለማንም ሳያሳይ ጣላቸው።

«አዩልኝ አባባ?» አሉ አቶ አበጋዝ። ወደ ባዘዘውም ዞር ብለው፣ «አባባ እስከ መስከረም እዚሁ ናቸው። በየእሑዱ ጨዋታችንን ያዩልናል።»

ወደ ሲቀላ ቁልቁል ሲወርድ ጽጌረዳ ደወለች። የፊርማውን ነገር ከነገራት ወዲህ እሑድን ሳትጠይቀው አታልፍም።

«እህ፣ ዛሬስ?»

«ጥሩ ካርታ አልደረሰኝም» አላት።