ከጀኔሬተሩ ጎን የሚበላው ዘበኛ

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ምሳቸውን ማንጎ ዛፍ ሥር በአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ዘበኛው ግን የገንፎ ሳህኑን ይዞ ከሚያጓራው ጀኔሬተር ጎን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ረጅም የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ነጭ ቆቡ ንጹሕ፣ የካኪ ኮቱም እስከ አንገቱ የተቆለፈ። የሰው ማኘክ ሲሰማ መንጋጋው ይገተራል፤ ጣቶቹም ጉልበቱን ጨምድደው ይይዛሉ።

«ጌታው፣ ከእኛ ጀኔሬተሩ ይሻላል?» ይለዋል የሒሳብ ሹሙ ጃለታ፣ ሆን ብሎ ጆሮው ሥር ማንጎ እየመጠጠ።

«ሰው አልጠላም፣ አቶ ጃለታ። አፍ ሲበላ ድምፁ እዚህ ይገባል፤ ያቃጥላል» ይላል ደረቱን እየነካ።

ይህ ችግር ስም አለው፤ ሚሶፎኒያ ይባላል። እናንተ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ስሙን አለማወቃችሁ ጥፋት አይደለም። ሰውየው በገዛ አንደበቱ የነገራችሁን አለመስማታችሁ ግን ጥፋት ነው። በረመዳን ቀን፣ ማንም በማያኝክበት ሰዓት፣ ከጾመኞቹ መካከል ተቀምጦ ሲያወጋና ሲስቅ ሁላችሁም አይታችኋል። ሰው የሚንቅ እንዲያ ይስቃል?

«ሌሎች ብሔረሰቦችን ይንቃል» ብላችሁ ከሰሳችሁት፤ ከሥራ ልታሰናብቱትም ተሰበሰባችሁ። ሰብሳቢው ስለ ሕዝቦች መከባበር ረጅም ንግግር ሲያደርግ ለውዝ ይቆረጥም ነበር። ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ፊት ለፊቱ ቆመ። የስንብት ውሳኔውንም ያነበበለት እያኘከ ነው።