የፎቁ ፋኖስ

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ፣ ብርቱካንና እኔ ነበርን። ሦስቱ ሴቶች ጥጥ ይፈትሉ ነበርና፣ ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያ የእንዝርት ድምፅ አብሮ ይመለስብኛል። ብርቱካን የዘመድ ልጅ ናት፤ ከደብረ ኤልያስ ለትምህርት መጥታ ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት ትኖር ነበር፣ በዕድሜም ትንሽ ትበልጠኛለች።

ክረምቱ እንደገባ የሰፈራችን መምህር ቪዲዮ ማጫወቻ ከአዲስ አበባ አምጥተው፣ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ሰብስበው አንድ የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ፊልም አሳዩ። እኔ ኩፍኙ ገና ስላልለቀቀኝ ነፋስ እንዳይመታኝ ተብሎ ቀረሁ፣ ብርቱካን ሄደች። ተመልሳም እርጥብ ጫማዋን ሳታወልቅ መተረክ ጀመረች፤ አንዲት ሙሽራ ባሏን ተከትላ ዳገት ላይ ወዳለ ትልቅ ቤት ትገባለች፣ ባልየው የላይኛውን ፎቅ አንድ በር እንዳትከፍት ያስጠነቅቃታል፣ እሷ ግን ከጓሮ ቀና ስትል በዚያ በተቆለፈው ክፍል መስኮት ፋኖስ ሲንቀሳቀስ ታያለች።

«ሽማግሌ የላትም እንዴ ይቺ ልጅ? ወደ እናቷ አትመለስም?» አለች አክስቴ።

«ጠበል ነው እንጂ! ቤቱን ጠበል ይርጩት» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

«እስቲ ዝም በሉ። ቀጥይ ልጄ» አለች እናቴ፣ እንዝርቷም ቀጥ ብሎ ቆመ።

እናቴ እንግዳ ቢመጣ፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ እየፈተለች ነበር የምታስተናግደው። እኔ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ እንኳ በአንድ እጇ ግንባሬን ዳብሳ ወደ ጥጧ ተመልሳለች።

«ሙሽራይቱ ቁልፉን ሰርቃ በሩን ልትከፍት ስትል መብራት ጠፋ!» አለች ብርቱካን።

«የፎቁ?»

«የመምህር ቤት ነዋ፣ አክስቴ! የሰፈሩ መብራት!»

ሴቶቹ እንደ ተዘረፈ ሰው ጮኹ። ካሴቱ የተውሶ ነበርና በማግስቱ ሄደ፤ የበሩ ነገር ግን እኛ ቤት ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ጥጡ ሲወጣ «ብርቱካን፣ እስቲ ያንን በር ክፈችልን» ይሏት ነበር፤ እሷም አንድ ቀን ዓይነ ስውር አማት፣ ሌላ ቀን በሕይወት ያለች የመጀመሪያ ሚስት፣ ሲያሻት ደግሞ ጥጥ የምትፈትል መነኩሲት ታወጣላቸው ነበር። ባወጣች ቁጥር የእናቴ እንዝርት ይቆማል፣ እኔም በቅናት እጇን እጇን አያለሁ።

አንድ ቀን ብርቱካን ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ፣ ቃል በቃል፣ ድምፄን እንደሷ ዝቅ እያደረግሁ ተረክሁላቸው። እናቴ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፤ እንዝርቱ ግን መሽከርከሩን አላቆመም።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የብርቱካን አባት መጥተው፣ ልትዳር ነው ብለው ወሰዷት። አብረን የምንተኛበት መደብ ለብቻዬ ሆነ። እናቴ ግን ከሰዓት የጥጡ ጊዜ ሲደርስ በሩን ታይ ነበር፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ።

አሁን እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትዘገይ አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ የምጠብቅ ፈሪ እናት። ባለፈው ታሪኩን ስነግራት ፊልሙን በስልኳ ፈልጋ አገኘችው። ያስደነግጣታል ብዬ አብሬያት በጠራራ ፀሐይ፣ የቤታችንን በር ከፍቼ አየሁ። የፎቁ በር ሲከፈት እኔው አስቀድሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ ባልየው ራሱ ፋኖሱን ታቅፎ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ልጄ ክንዴን ጨምቃ ያዘች፣ ወዲያውም «እማ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንየው» አለችኝ። ለካ እንዲህ ነው የሚይዘው፣ ሰው እየፈራም ይመለሳል።

ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታለች፣ ጥጥ ከነካችም ቆይታለች። በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ «የብርቱካን መነኩሲት ትሻላለች» አለች።

በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ። በኋላ ሳስበው ግን ብርቱካን ያንን በር ስንት ጊዜ ከፍታልን፣ እሷ ራሷ መጨረሻውን አላየችም። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው፤ እኔ ስተርክ እሷ ቁጭ ብላ እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ።

ከደብረ ኤልያስ በኩል ወሬዋን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗንም ንገሩኝ።