ቱቦ የታቀፈው መንገደኛ

ቪሊማይና ሱቫ ወደብ ላይ የተቀቀለ ካሳቫ ስትሸጥ ስንቱን መንገደኛ አይታለች፤ ቱቦ እንደ አራስ ሕፃን ታቅፎ የሚቆም ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ከሱሪው በላይ ያገለደመውን ሽርጥ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። እግሩ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ የካቫ ሥር አለ፤ ተወቅጦ የሚጠጣ፣ ለሽማግሌዎች እጅ መንሻ የሚሆን።

«ልጄ፣ መድፍ ነው እንዴ የያዝከው?»

«ካርታ ነው፣ እማማ።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ጨዋታ ታውቃለችና ቀስ በቀስ አናገረችው። የዶክትሬት ተማሪ ነው። የሚያጠናው ባሕር የገፋው መንደር ኮረብታ ላይ ሲሰፍር ምኑን ይዞ፣ ምኑን ትቶ እንደወጣ ነው። መንደሩ የእናቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ውኃ የዋጠውን መቃብር ሳይቀር አሳዩት፤ እሱም «የቤት ልጅ ነኝ» ብሎ ባዶ እጁን ገብቶ፣ መቃብሩን ካርታው ላይ አስፍሮ፣ የስምምነት ወረቀት አስፈርሞ ወጣ። አሁን የመንደሩ አለቃ «ሙታናችንን ሳይጠይቅ ወሰደ» ብለዋል፤ እሱም ፈቃድ ሊለምን ወደዚያው እየተመለሰ ነው።

«ካቫ ሳትይዝ? ኧረ ፈረንጁም ይዞ ይገባል!»

«አውቃለሁ፣ እማማ። የአራት ዓመት ልፋቴ ነው፤ ጥናቱን ዓርብ ለዩኒቨርሲቲው አስረክባለሁ። ካልፈቀዱ ግን ካርታው እዚያው ይቀራል።»

የሚሳፈርባት ጀልባ ጮኸች። ቪሊማይና የተቀደደውን ጋዜጣ ገፍፋ ካቫውን በራሷ ንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። ተቀብሎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

«ነገ ስመለስ ቱቦውን ካላየሽብኝ ምንም አትጠይቂኝ፤ ካሳቫ ብቻ ስጪኝ።»