ከመቃብሩ ሥር ያለው ባሕር

ኡሙሰልማ ከወሎ ወደ መቐለ የመጣችው ከባሏ ከይማም ጋር ጨው ልትነግድ ነበር። ይማም ከጨው በረሃ ሲመለስ በያዘው ንዳድ ሞተባት። ወሎዬዎቹ ሙታናቸውን በሚያሳርፉበት፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ማዶ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቀበረችው። ዘመዶቿ ነይ፣ አገርሽ ግቢ ብለው ሰው ቢልኩባት «ባሌን ለብቻው ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ መለሰችው።

ዘመኑ የጣልያን ነበር። የድንጋይን ዕድሜ የሚመረምር አንድ ጣልያን ተሸካሚ ሲፈልግ እሷም ተቀጠረች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ድንጋዩን እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። አንድ ቀን እሷንም አሳያት። ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ ዛጎሎች አየች። አስተርጓሚው ፈንታሁን አስረዳት፤ አገሩ ድሮ ባሕር ነበር፣ እነዚህ ፍጥረታት ሲሞቱ ከባሕሩ ወለል እየተነጠፉ ድንጋይ ሆኑ፣ የየዘመኑ ዘር ስለሚለያይ ዛጎሉን የለየ የድንጋዩን ዘመን ይለያል። ነገሩ ልቧ ገባ። ያን ሰሞን ለጎረቤት ሁሉ የምታወራው ስለ ባሕሩ ሆነ።

ጣልያኑ የታችኛውን ድንጋይ ዘመን ለይቷል። የቀረው ከላዩ ያለው ስስ ንጣፍ ነው። ክሬታስየስ የሚሉት ዘመን ይሆናል ብሎ ጠርጥሯል፤ ማረጋገጫው ግን በውስጡ ያለው ዛጎል ነው። ንጣፉን ደግሞ ሳይናድ ተርፎ ያገኘው አፋፉ ላይ ብቻ ነው፤ ከመቃብሮቹ ሥር።

«እትዬ ኡሙሰልማ፣ ዐፅሙን በክብር እናዛውራለን ይላል» አላት ፈንታሁን፣ ዐይኗን ሳያይ። «ትእዛዝ ነው።»

በማግሥቱ ቆፋሪዎችና ወታደሮች ሲመጡ የይማም መቃብር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣለች።

«ለዕውቀት እኮ ነው» አለ ጣልያኑ በፈንታሁን አፍ።

«ዕውቀቱን መች ጠላሁት? አንተው አሳይተኸኝ ወደድኩት። ግን ዛጎሎቹ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀዋል ብለኸኛል። ገና ይጠብቁ። የኔ ሰው የገባው ዐምና ነው።»

ፈንታሁን ሊያለዝበው ይችል ነበር። አላለዘበውም፤ ቃል በቃል ተረጎመው።

ወታደሮቹ ጎትተው አነሷት። ገና ከአፋፉ ሳትወርድ ጎረቤቷ ዘሃራ መጥታ ነጠላው ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ፤ እያንዳንዷ የራሷ ሰው መቃብር ላይ ተቀመጠች። የከተማው የጣልያን ሹም ለአንድ ድንጋይ ብሎ ከተማ ማስቆጣቱን አልወደደውምና ቆፋሪዎቹን መለሰ። ኡሙሰልማ ግን ታሰረች፤ ለመኪና መንገድ ድንጋይ ስትፈልጥ ከረመች። ጣልያኑም የንጣፉን ዘመን ሳይለይ አገር ለቀቀ።

ስትፈታ መዳፏ ሻክሮ፣ አንድ ጣቷ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ወደ ጨው ንግዷ ተመለሰች። ፈንታሁን ገበያ መሐል አግኝቷት «ይጸጽትዎታል?» አላት።

«ዘመኑን ማወቅ እኔም እፈልግ ነበር» አለችው። «የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ግን ሰው ያልተቀበረበትን ይፈልግ። አገሩ እንደሆነ ድንጋይ ሞልቶታል።»