ሳላነብላቸው ያስፈረምኳቸው ማመልከቻ

ሰቆጣ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ። ራፖር ጸሐፊ ይሉኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ከሰሃላ ወይም ከፃግብጂ በእግሩ የመጣ ሰው ሆዱ ውስጥ የታመቀውን በኽምጥኛ ሲዘረግፍልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማና ዳኛ በሚቀበለው አማርኛ አሰናዳለታለሁ። እኔም አፌን የፈታሁት በኽምጥኛ ስለሆነ ሰው አያፍረኝም። በዚህ ሥራ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ጉራ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ሁለት የማልለቃቸው ልማዶች ነበሩኝ። አንዱ፣ ባለጉዳዩ ያላለውን አልጽፍም። ሌላው፣ አሻራ ከማስነካቴ በፊት የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች መልሼ በኽምጥኛ አነብለታለሁ። ይህ ሁለተኛው ስንቴ አቃጥሎኛል መሰላችሁ! አንድ ሽማግሌ ሦስት ገጽ ሙሉ ዝም ብለው ሰምተውኝ ሳበቃ፣ «በሬው ቀይ ነው ብለሃል፤ ቀይ አላልኩም፣ ዳለቻ ነው» አሉኝ። ጉዳዩ የድንበር ነው እኮ፤ በሬው ምን አገባው! ግን አላልኩም ካሉ አላሉም። እየተነጫነጭኩ ካርቦኑን አስተካክዬ እንደገና ጻፍኩ።

የመሬት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ገበሬው የቱንም ያህል ቢጎሳቆል «ቀበሌዬን ለቅቄ ከተማ ገብቻለሁ» የሚል ነገር ማመልከቻው ላይ አይገባም። የገጠር መሬት የያዘ ሰው እዚያው ሆኖ በእርሻው መተዳደር አለበት፤ ለቅቆ ሄዷል ከተባለ መብቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። ይህን በእንቅልፌም አልስተውም እል ነበር።

ከፊት ለፊቴ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷ ልጅ እግር ናት፤ ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ኤአይ የሚሉትን ነገር አስገባች። የሰውየውን ጉዳይ በሁለት መስመር ትነግረዋለች፤ እሱ ውሃ እንኳ ተጎንጭታ ሳትጨርስ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ያወጣላታል። ለጽሑፉ ምንም አታስከፍልም፤ የምታስከፍለው ለሕትመቱ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ የእኔ እንጀራ የእሷ ምራቂ ሆኖ ቀረ!

መጀመሪያ ሳቅሁ። «ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም» እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። ተቀበለ። መምህሩም ነጋዴውም ወደ እሷ ተሻገረ፤ ትንሽ ቆይቶ ገበሬውም ተከተለ። አንድ ቀን ስሕተት ልለቅምበት ሄጄ አንዱን ማመልከቻ አነበብኩት። ወይ ጉድ! አማርኛው ከእኔ የተሻለ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፈልጋቸው የኖርኳቸው ቃላት አንድ ላይ ተደርድረዋል። ቅናት አንጀቴን በላው፤ ወረቀቱን መልሼላት ወጣሁ።

በኋላ ራሷ መጣች። «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ከሚውሉ ለምን ገብተው ከእኔ ጋር አይሠሩም? ኽምጥኛ የሚናገረውን እርስዎ ሰምተው ለስልኩ ይንገሩት፤ እሱ ይጽፋል» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ እንደ አባት አዝናልኝ ነው። ጃንጥላዬን አጥፌ ቤቴ አስቀመጥኩና በማግሥቱ ገባሁ።

እዚያ ቤት ማንበብ የለም። ሰው ተሰልፏል፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። «ጋሼ ቶሎ፣ መብራት ሳይሄድብን!» ትላለች። ሁለት ገጽ በኽምጥኛ መልሶ ማንበብ ስንት ሰው ያስጠብቃል! የመጀመሪያ ሰሞን አነበብኩ። ከዚያ ግማሹን ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያም «ልክ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ቀረ። ሰውም አዎ ይላል፤ ምን ይበል?

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት መጡ። የድሮ ደንበኛዬ ናቸው። ባላቸው የሞቱ ጊዜ የመሬት ደብተሩን በስማቸው ለማዞር የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፣ ያኔ በጃንጥላዬ ሥር። «ጃንጥላህን ሳጣው የሞትክ መስሎኝ ነበር» ብለው ቀለዱብኝ። የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው ነው የመጡት። ወንዝ ዳር ያለውን ማሳቸውን የባላቸው ወንድም በእኩል እያረሰ ሲያካፍላቸው ኖሮ፣ ዘንድሮ ድርሻቸውን ከልክሎ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሏል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ዓረብ አገር ነው። «ሲመለስ ምን ላይ ሊቆም ነው? ያለው ያ ማሳ ብቻ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልፈለጉም፤ ልጃቸው ሲመጣ የሚያርሰው መሬት እንዲጠብቀው ብቻ።

እሳቸው በኽምጥኛ ነገሩኝ፤ እኔ በአማርኛ ለስልኩ ነገርኩት። እንግልታቸው እንዲታወቅ ብዬም «ለጉዳያቸው ሲመጡ ከተማ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ያድራሉ» የሚል ጨመርኩበት። ምን አስጨመረኝ! ስልኩ ጻፈ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ እንባዬ መጣ፤ እንዲህ አድርጎ የመበለት ሐዘን የጻፈ ሰው አላየሁም። ሁለተኛውን ገጽ በዓይኔ ገረፍ አድርጌ አለፍኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ቶሎ አሳተምኩ፤ ቀለሙን አቀረብኩ፤ አሻራቸውን አኖሩ።

ከዚያ አልተነሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁኝ፣ ልክ እንደ ያኔው።

«አታነብልኝም?» አሉኝ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ሁሉም አለበት እማማ። የነገሩኝ ሁሉ አለበት» አልኳቸው።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ተነሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ እጃቸው ላይ የውሳኔ ግልባጭ ይዘዋል። «አንብብልኝ። ተፈርዶብሻል ይሉኛል፤ በምን እንደሆነ ግን አልገባኝም» አሉኝ። መጀመሪያ ለራሴ አነበብኩት። ተከሳሹ የባላቸው ወንድም «እሷ ራሷ ቀበሌውን ለቅቄያለሁ ብላለች» ብሎ ተከራክሯል። ዳኛው በአስተርጓሚ «ማመልከቻው ላይ ያለው የእርስዎ ቃል ነው?» ብለው ጠይቀዋቸዋል፤ እሳቸውም «አዎ፣ ሁሉም የእኔ ቃል ነው» ብለዋል። ውሳኔው የቆመው በዚያ ላይ ነው። የማመልከቻውን ቅጂ ፈልጌ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። «ከይዞታዬ ተፈናቅዬ፣ ቀበሌዬን ለቅቄ በሰቆጣ ከተማ በዘመድ ጥገኝነት መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል» ይላል። እሳቸውም አላሉ፣ እኔም አላልኩ። ከአንዲት አዳር ዓመታት አውጥቶ፣ ይበልጥ እንዲታዘንላቸው ብሎ የጨመረው ነው።

ጮክ ብዬ በኽምጥኛ አነበብኩላቸው።

«እኔ? ከተማ?» አሉ። «ዶሮዎቼን ማን ሊጠብቅልኝ! እንዲህ ብሎ የዋሸብኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩ እንደጻፈው፣ እኔ ሳላነብ እንዳስነካኋቸው፣ ሁሉም አለበት ያልኩትም ቸኩዬ እንደሆነ። ስልኩን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ። «ስልክ ስለ እኔ ምን ያውቃል? አንተ ደግሞ እንዲህ አታደርገኝም። ለእኔ አዝነህ ነው ጥፋቱን ወደ ራስህ የምትወስደው» አሉ። ብምልላቸውም አላመኑኝም።

የገበያ ቀን ሲጠብቁ ስለቆዩ የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። ወንበር ይዤ ውጭ ወጣሁ፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። በእጄ ጻፍኩ። መሃሉ ላይ እንዲህ የሚል አኖርኩ፤ «ከተማ እኖራለሁ የሚለው የእኔ ቃል አይደለም፤ ማመልከቻውን ያዘጋጀው ጸሐፊ የጨመረውና ሳያነብልኝ ያስፈረመኝ ነው።» ዳኛ ፊት «ሁሉም የእኔ ቃል ነው» ስላሉ፣ ማን እንደጨመረው ካልተነገረ ክህደቱ ብቻውን አይረባም፤ ይግባኙ ያለዚህ ዐረፍተ ነገር ባዶ ነው። እኔም ፍርድ ቤት ተጠርቼ ልመሰክር ተዘጋጅቻለሁ።

ከዚያ አነበብኩላቸው። ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ፣ በኽምጥኛ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። እዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን አላልኩም።»

«እማማ፣ እውነቱ ይኸው ነው።»

«እኔ አላልኩም። ባሌ የሞተ ጊዜ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ጸሐፊዬ በደለኝ ብዬ ዳኛ ፊት ልቁም? አላደርገውም። አውጣው።»

ለመንኩ። ተቆጣሁ። «መሬትዎ ይሄዳል እኮ! ልጅዎ ሲመጣ ምን ሊሉት ነው?» ብዬ ሰው እስኪያየኝ ጮኽኩባቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት። «እሱ እያለበት አሻራዬን አላኖርም» አሉ።

ዝም ብዬ ልተወውና አወጣሁት ብዬ ላስነካቸው አሰብኩ። አይደበቅም፣ አሰብኩ። ያንኑ ያደረግኳቸውን በደል ልደግመው ማለት ነው፤ አቃተኝ። የመዝገብ ቤቱ በር ሊዘጋ ነው። አዲስ ወረቀት አውጥቼ ያን ዐረፍተ ነገር ትቼ እንደገና ጻፍኩት። የቀረው ሐዘናቸው ብቻ ነው። በሐዘን ደግሞ ፍርድ አይሻርም፤ እኔ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። በደንብ አዳመጡኝ፤ ፊታቸው በራ።

«አሁን ሁሉም አለበት?» አሉኝ።

«አለበት እማማ» አልኳቸው። የአሻራውን ቀለም አቀረብኩላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ አኖሩ።