ጢንዚዛዋን ሳላነሳት ወሬዋ ቀደመኝ

ዛሬ ዱብቲ ጥጥ እርሻ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ የነቀልኳትን ሌንስ ስልኬ ካሜራ ላይ በፕላስተር ለጥፌያለሁ። (አቅሜ እሷው ናት።) ቢጫው የጥጥ አበባ ላይ ያለች ጢንዚዛ እግሯ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየኝ። ላነሳት ስል፦

«መምህር፣ ምን ሆነህ ነው? አሞህ ነው?»

አንድ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ዳጉ አለ፤ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ቆሞ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ምን አደርጋለሁ? ተነሳሁ።

ስለ ዝናቡም ስለ ግመሎቹም ነገሩኝ። የኔ ተራ ሲደርስ ከጢንዚዛዋ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ነግሬያቸው ዞር ስል አበባው ባዶ ነው።

ወደ ሰመራ ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ፣ አይቼው የማላውቀው ሾፌር በመስታወቱ አየኝና፦ «መምህሬ፣ ጢንዚዛዋ ተመለሰች?»

እስቲ እናንተም ያመለጣችሁን ፎቶ ንገሩኝ፤ የኔን እንደሆነ አገር ሰምቶታል።